ጎሚስታው የሚያውቀውን ሹማምንቱ እንዴት አጡት?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና እኔም ከሥሩ ልጀምር።

ባለፈው ክረምት ነው። ዱከም ውስጥ ዋናው የአስፋልት መንገድ ዳር ካለች አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ቁጭ ብዬ ጽሑፍ አስለቅማለሁ። ውጭው ዝናብ ነው። ከባድ መኪናው ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፣ ከጅቡቲ ይመጣል። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ የሚመስሉ አባት ጋቢያቸውን እያራገፉ ገቡና በመሐረብ የተቋጠረ ነገር አወጡ። ፈቱት። ፍላሽ ነው።

«ልጄ፣ እዚች ውስጥ የኔ ማመልከቻ አለ። እስቲ አውጪልኝ» አሏት ጸሐፊዋን።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሽማግሌው ከእርሻ መሬታቸው ከተነሱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። የካሳቸውን ነገር ሲከራከሩ በ2002 ዓ.ም. ሁለት ማመልከቻ አጽፈው ነበር። አንዱ በአፋን ኦሮሞ ለቅርቡ መሥሪያ ቤት፣ ሌላው በአማርኛ አዲስ አበባ ላለ መሥሪያ ቤት። ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ አንድ ቢሮ ገባ፤ በዚያው ቀለጠ። የቀረላቸው ያኔ የጻፈላቸው ልጅ «አባባ፣ ይቺን አይጣሏት» ብሎ የሰጣቸው ፍላሽ ብቻ ነው። ይኸው ይህን ሁሉ ዓመት ሳጥን ውስጥ ቆልፈውባት ኖረዋል።

ልጅቷ ሰካቻት። የአፋን ኦሮሞው ማመልከቻ አንድ ፊደል ሳይጎድልበት ተከፈተ። «ተመስገን!» አሉ። አማርኛውን ከፈተች። ኧረ ጉድ! ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት፣ የመቶኛ ምልክት፣ ጭረት፣ የተዘበራረቀ የፈረንጅ ፊደል፤ ከላይ እስከ ታች ይኸው ነው። አንዲት የአማርኛ ቃል የለችበትም።

«አባባ፣ ይሄኛው ተበላሽቷል» አለቻቸው።

ሽማግሌው ዝም አሉ። እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ፋይሉ አልተበላሸም። ምንም አልሆነም። የዛሬው ጽሑፌም ስለዚህ ነው።

ፋይሉ አለ፣ ቁልፉ ጠፋ

ኮምፒውተር የሚባለው ዕቃ ፊደል አያውቅም። የሚያውቀው ቁጥር ነው። «ሀ» ብለን ስንጽፍ አንድ ቁጥር ይመዘግባል፤ መልሶ ሲያሳየን ያንን ቁጥር አይቶ የ«ሀ»ን ሥዕል ያወጣል። እንግዲህ የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ መጀመሪያ ስምምነት ያስፈልጋል ማለት ነው። ለእንግሊዝኛ ፊደል አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1963 ተስማሙ። 128 መቀመጫ ያለው ሰንጠረዥ አወጡ፣ ለዓለም አሳወቁት። ኋላ መቀመጫው 256 ቢደርስም የመጀመሪያዎቹ ሳይነኩ ቀሩ።

ወደኛ ስንመጣ 33ቱን ፊደል በሰባት ብናበዛው 231 ነው። በዚያ ላይ እነ «ሏ»፣ እነ «ቋ» አሉ። ከ፩ እስከ ፼ ያሉት 20 ቁጥሮች አሉ። አራት ነጥብ፣ ድርብ ሰረዝ፣ ነጠላ ሰረዝ አለ። ከ256ቱ መቀመጫ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ 32 ለማሽኑ የውስጥ ሥራ የተያዙ ናቸው። አልበቃንም!

ታዲያ የኛ ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ምስጋና ይግባቸውና በየፊናቸው መላ ዘየዱ። አጋፋሪ መጣ፣ ዋሸራ መጣ፣ ብራና መጣ፣ ቪዥዋል ግዕዝ መጣ፣ ፓወር ግዕዝ መጣ። አንዱ የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጦ ሲጻፍ እንዲገጣጠሙ አደረገ። ሌላው ፊደሉን ለሁለት ከፍሎ በሁለት ፎንት አስቀመጠ። የግል ጋዜጣ የሚባለው ነገርም በእግሩ የቆመው በነዚህ ፕሮግራሞች ነው። ይህን ውለታ መካድ ነውር ነው።

ጣጣው ግን ሁሉም የየራሱን ሰንጠረዥ ማውጣቱ ነው። በአንዱ ዘንድ የ«ሀ» መቀመጫ የሆነው ቁጥር በሌላው ዘንድ «ጨ» ነው፤ በሦስተኛው ዘንድ የአንድ ፊደል እግር ብቻ ነው። ባንዱ የጻፈ በሌላው አያነብም። የኮምፒውተሩን ቁልፎች እንኳ አንዱን ለምዶ ወደ ሌላው የሄደ ጸሐፊ እንደገና ሀ ብሎ ይማራል። ስለዚህ ደንበኛው የገዛው የጽሕፈት ፕሮግራም ብቻ አልነበረም። ሳያውቀው የደብዳቤውንና የመዝገቡን ቁልፍ ለሻጩ አስረክቦ ነበር። ሻጩ ቢዘጋ፣ ቢሰደድ፣ ዋጋ ቢጨምር ደንበኛው ምን ያመጣል?

የሽማግሌው የአፋን ኦሮሞ ማመልከቻ ለምን እንደተከፈተ አሁን ገባችሁ? እ.ኤ.አ. በ1991 ቁቤ የሥራ ፊደል እንዲሆን ሲወሰን የተመረጠው የላቲን ፊደል ነው። የላቲን ፊደል ደግሞ በዚያ በ1963ቱ ሰንጠረዥ መቀመጫ አለው። ይህንን ይዞ «የኛ ፊደል ይበልጣል፣ የናንተ ያንሳል» ወደሚባለው አተካራ የሚገባ ካለ እኔ የለሁበትም። የላቲኑ ፊደል የተከፈተው መቀመጫው የማንም ሻጭ ንብረት ስላልሆነ ነው። የግዕዙ ያልተከፈተው መቀመጫው በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ስለነበረ ነው። ነገሩ ይኸው ነው።

ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት

ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት መንገዱን ተሻግሮ አንድ ጎሚስታ አለ። የጅቡቲ መንገድ ላይ ያለ ጎሚስታ ሥራ አያጣም። የቻይና ጎማ ይመጣለታል፣ የሕንድ ይመጣለታል፣ የጃፓን ይመጣለታል። አንዱንም «ይሄ የኛ አይደለም» ብሎ አይመልስም። ምን ያደርጋል? የጎማውን ጎን በእጁ ጠረግ አድርጎ ቁጥሩን ያነባል። 315/80 አር 22.5 ይላል እንበል። 315ቱ የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 80ው የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ስንት መቶኛ እንደሆነ ይናገራል። 22.5ቱ ጎማው የሚገባበት ቸርኬ ዲያሜትር በኢንች ነው። አለቀ! ፋብሪካው ድረስ ስልክ አይደውልም፤ ማንንም ፈቃድ አይለምንም። ብሎኑም ያው ነው። ቁጥሩ ከተስማማ የጣሊያኑን ብሎን የሕንዱ ዳዶ ይይዘዋል።

ምሁራኑ «ክፍት ሥርዓት» የሚሉት ይህንኑ ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም። ሦስት ነገር ይበቃዋል። አንደኛ፣ ልኩ ተጽፎ ማንም እንዲያየው የወጣ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ልኩን ብድግ ብሎ የሚለውጥ አንድ ሻጭ መኖር የለበትም፤ የሚለወጠው በጋራ ተመክሮበት ነው። ሦስተኛ፣ በዚያ ልክ የሠራ ሌላ አምራች ዕቃውን አምጥቶ ሲገጥመው ይገጥማል ወይ? በወረቀት «ክፍት ነኝ» የሚል ሁሉ ክፍት አይደለም፤ ፈተናው መግጠሙ ነው።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ክፍት ማለት ነፃ ማለት ይመስላቸዋል። ጎማ በነፃ ይሰጣል እንዴ? ዋጋው ሰማይ ነው! ነጋዴውም ያተርፍበታል። ልዩነቱ ነጋዴው የሚያተርፈው በጥራትና በዋጋ ተወዳድሮ እንጂ በሩን ቆልፎብን አለመሆኑ ነው። ክፍት ማለት የሰው ገመና ለሁሉም ይገለጥ ማለትም አይደለም። የቁልፍ ልክ የታወቀ መሆኑ የቤታችሁን ቁልፍ ለጎረቤት መስጠት አይደለም።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ፤ መጣጣምና ክፍት መሆን ለየቅል ናቸው። በዚሁ በዱከም ያለፈውን የባቡር ሐዲድ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ ሥራ የጀመረው አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር ሐዲዱ 1.435 ሜትር ነው። የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ አይሄድም፤ አይጣጣሙም። ነገር ግን ሁለቱም ልካቸው የታወቀ ነው። ለአንዱም ለሌላውም ልኩን ነግሮ ፉርጎ ከፈለጉት አገር ማዘዝ ይቻላል። መከራው አለመጣጣምና ዝግነት አንድ ላይ ሲመጡ ነው። የሽማግሌው ማመልከቻ የገጠመው ይሄ ነው።

«ሁላችንም ከአንድ ሱቅ ብንገዛስ?»

ይህን ጥያቄ ሹማምንቶቻችን ይወዱታል። አገሩ ሁሉ ከአንድ ኩባንያ ከገዛ ሁሉም ይግባባል፣ ምን ችግር አለው ይላሉ። እውነት ነው፣ ይግባባል። እስረኞችም በአንድ ግቢ ውስጥ ይግባባሉ። ጥያቄው በሩ ከየት በኩል ነው የሚቆለፈው የሚለው ነው።

ዓለም ይህንን አይቶታል። አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲስተም 360 የተባሉ ኮምፒውተሮችን አወጣ። ትንሹም ትልቁም አንድ ዓይነት ፕሮግራም የሚቀበሉ ናቸው። ለዚያ ዘመን ትልቅ እመርታ ነበር። ነገር ግን መጣጣሙ በአንድ ቤት ልጆች መካከል ነው፤ የቤቱ አባት አይቢኤም ነው። ያው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 የግል ኮምፒውተር ሲያወጣ ግን ስለቸኮለ አንጎሉን ከኢንቴል፣ ፕሮግራሙን ከማይክሮሶፍት ገዛ፤ የመሣሪያውንም አሠራር በመጽሐፍ አሳተመ። ለራሱ ያስቀራት አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ነበረች፤ ማሽኑ ሲነሳ የምትቀሰቅሰው። ኮምፓክ የተባለ አዲስ ኩባንያ ያቺን ሳይሰርቅ፣ ከአሠራሯ ተነስቶ የራሱን ጻፈ። በሩ ተበረገደ! ከዚያ ወዲህ ነው ኮምፒውተር ከየትም ተገጣጥሞ የሚሸጠው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ወጣት ማስታወሻውን ከአንዱ፣ ዲስኩን ከሌላው አምራች ገዝቶ በካቻቪቴ አሥሮ የሚያስነሳላችሁ በዚያ ምክንያት ነው።

ነጋዴ ግን መላ አያጣም። መሣሪያው ሲከፈት ቁልፉ ወደ ፋይሉ ገባ። ማሽኑን ከፈለጋችሁበት ግዙ፤ የጻፋችሁትን ግን በእኛ ፕሮግራም ካልሆነ በደንብ አታነቡትም ተባለ። የቢሮ ሰነድ የሚቀመጥበት በይፋ የታወቀ ዓለም አቀፍ ልክ የወጣው ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሥርዓት አንዴ ተከፈተ ተብሎ አይተኛም። አንዱ በር ሲከፈት ሻጩ ሌላኛው ጋ ሄዶ ይቆማል።

ፊደላችን እንዴት ተፈታ?

የግዕዝ ፊደል ከየሻጩ ኪስ የወጣው በአንድ ቀን አዋጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ሴራ የተባለ ዘዴ አወጡ። ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ አድማ አይደለም! ማንኛውንም የግዕዝ ፊደል በላቲን ፊደል ወክሎ መላኪያ ሕግ ነው። ሕጉ ለሁሉም የወጣ ስለነበር አንዱ ከአሜሪካ የጻፈውን ሌላው በፈለገው ፕሮግራም መልሶ በግዕዝ ሊያነበው ቻለ። የብልሃቱ ቁም ነገር የጋራ ሕግ መሆኑ ላይ ነው።

ዋናው መፍትሔ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩኒኮድ የሚባለው፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ የጋራ ሰንጠረዥ የሚያዘጋጅ ድርጅት በሦስተኛው እትሙ ለግዕዝ 345 መቀመጫ ሰጠ። «ሀ» ከዚያ ወዲህ አንድ ቁጥር አለው፤ ለሻጭም ለገዢም፣ ለመንግሥትም ለተቃዋሚም ያው ቁጥር ነው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለ የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። ዛሬ ዱከም ያለ ልጅ በስልኩ በአማርኛ የጻፈውን ዋሽንግተን ያለች አክስቱ በሌላ ኩባንያ ስልክ ታነበዋለች። ማንም ማንንም አልለመነም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ያ ሰንጠረዥ ከወጣ በኋላም ቢሆን በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየማተሚያ ቤቱ በድሮው ፎንት መጻፉ ለብዙ ዓመት ቀጥሏል። የሽማግሌው ማመልከቻ ሲጻፍ የጋራው ሰንጠረዥ ከወጣ አሥር ዓመት አልፎታል! መፍትሔ አለመኖሩ አይደለም የጎዳቸው። መፍትሔው እያለ «ከዛሬ ጀምሮ የመንግሥት ሰነድ በዚህ ልክ ይጻፍ፣ የድሮውም ይገልበጥ» ብሎ የሚከታተል ሹም ማጣታቸው ነው። በየመዝገብ ቤቱ በድሮ ፎንት ተጽፎ የተቀመጠው የፍርድ፣ የይዞታ፣ የጡረታ ፋይል ስንት ይሆን? ያ ሁሉ አንድ ቀን ቅንፍና የዶላር ምልክት ሆኖ ቢከፈት ማን ሊጠየቅ ነው?

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ

የፊደሉ ጉዳይ የጥቂት ነጋዴዎች ነበር። መንግሥት ራሱ በትልቁ ሲገዛ የሆነውን ደግሞ እንየው።

እ.ኤ.አ. በ2006 የያኔው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ዜድቲኢ ከተባለው የቻይና ኩባንያ ጋር 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ውል ገባ። ገንዘቡንም ዕቃውንም ሻጩ ያመጣል፤ አገሪቱ ኋላ ትከፍላለች። ሚሊኒየሙ ቀርቧል፣ ይቸኩላል ተባለ። በዚያ ውል የአገሪቱ የስልክ መስፋፋት ለዓመታት በአንድ አቅራቢ እጅ ወደቀ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያ ውስጥ ስላለው ሙስና ባሳተመው ጥናት የቴሌኮም ዘርፉን ለይቶ አንስቷል፤ በዚህ ግዢ አካሄድ ላይም ጥያቄ አቅርቧል።

አንዳንድ ሰው «ሞባይል እኮ ለዓለም ሁሉ አንድ ነው» ይላል። ግማሽ እውነት ነው። ሲም ካርዳችሁን አውጥታችሁ በማንኛውም ቀፎ ብትከቱት ይሠራል፤ ቀፎውና ማማው የሚነጋገሩበት ሕግ በጋራ የወጣ ስለሆነ። ማማው ከበላዩ ካለው መቆጣጠሪያ ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ ግን በተለይ በመጀመሪያዎቹ የሞባይል ትውልዶች በተግባር እንደየኩባንያው ነበር። ማማውን ከአንዱ የገዛ መቆጣጠሪያውንም ከዚያው ይገዛል። ፊት ለፊቱ ክፍት፣ ጓዳው ዝግ! ሕዝቡ የሚያየው ፊት ለፊቱን ነው፤ ሂሳቡ የሚመጣው ከጓዳ ነው።

ሂሳቡም መጣ። እ.ኤ.አ. በ2013 ኢትዮ ቴሌኮም 1.6 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን የማስፋፊያ ሥራ ለዜድቲኢና ለሁዋዌ 800፣ 800 ሚሊዮን አድርጎ አካፈለ። ሁለት መሆናቸው በጎ ነው። ዳሩ ምን ያደርጋል! ነባሩን መሣሪያ የማሻሻሉ ወጪ በማን ይሸፈን የሚለው ጭቅጭቅ አስነሳ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ከዜድቲኢ ድርሻ የተወሰነው ተወስዶ ለስዊድኑ ኤሪክሰን ተሰጠ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ አይደለም? አሮጌውን ዕቃ ማን ይንካው የሚል ጥያቄ የሚነሳው መጀመሪያውኑ ሌላ ሰው እንዲነካው ሆኖ ስላልተገዛ ነው።

ይህን የምለው ቻይናን ለመስደብ አይደለም። ሻጭ ሻጭ ነው፤ ፈረንጅም ቢሆን ቻይና፣ ሐበሻም ቢሆን ደንበኛው እንዲሄድበት አይፈልግም። ጥፋቱ የገዢው ነው። ጎሚስታው ቸርኬውን ሳይለካ ጎማ አይገዛም!

ሲፈለግ ይቻላል

ሁሉን ነገር ማጨለምም ደግ አይደለም። የገንዘብ ማውጫ ማሽኑን አስታውሱ። የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ማሽን የማይሠራበት ዘመን ነበር። አንድ መንገድ ላይ አራት ማሽን ተደርድሮ፣ የናንተ ባንክ ማሽን ከተበላሸ ጦማችሁን ታድራላችሁ። ባንኮቹ በጋራ ያቋቋሙት ኢትስዊች እ.ኤ.አ. በ2011 ተመሥርቶ በ2016 ማሽኖቹን ሲያገናኝ ይህ ቀረ። ባንኮቹ አልተዋሃዱም፤ አንዱም ሌላውን አልዋጠም። የተስማሙት መልእክቱ በምን መልክ ይተላለፍ፣ ሂሳቡ እንዴት ይወራረድ በሚለው ላይ ነው። ውድድሩ ቀረ? አልቀረም። ማሽኑ ግን ለሁሉም ሆነ።

ሁለተኛው ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ መታወቂያ ነው። ስለ ፋይዳ ብዙ የምጠይቀው ጥያቄ አለኝ፤ የሕዝቡ አሻራና መረጃ በማን እጅ ነው፣ ማን ያየዋል የሚለው ቀላል ነገር አይደለም። የተሠራበት መሠረት ግን ሞሲፕ የሚባል፣ ሕንድ አገር ባንጋሎር ባለ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረ፣ ኮዱ ለማንም የተገለጠ ሥርዓት ነው። የአሻራ መቀበያ መሣሪያውም የወጣውን ልክ እስካሟላ ድረስ ከተለያየ አምራች ሊመጣ ይችላል። በሌላው የምንነቅፈውን ያህል ይህን ምርጫ ደግ ነው ልንል ይገባል። እንዲህ መምረጥ ይቻል ኖሯል እንዴ! ታዲያ ለምን ለመታወቂያ ብቻ? የመሬት መዝገቡስ? የፍርድ ቤቱስ? የሆስፒታል ካርዱስ? የግብሩስ?

አራት ጥያቄ ለባለጊዜዎቹ

መቼም «እናንተ ጋዜጠኞች መንቀፍ እንጂ መፍትሔ አታውቁም» መባላችን አይቀርም። እሺ፣ መፍትሔ እነሆ። ለኮምፒውተር፣ ለስልክ፣ ለመዝገብ የሚወጣ ማንኛውም የመንግሥት ጨረታ አራት ጥያቄ ይጠይቅ። የሚገባውም ሰው ጮክ ብሎ ይመልስ።

አንደኛ፣ መረጃችን የሚቀመጥበት ልክ በይፋ የወጣ ነው ወይ? ሁለተኛ፣ ነገ ተነስተን ብንለያይ መረጃችንን ሙሉውን ይዘን፣ ሌላ ሰው በሚያነበው መልክ መውጣት እንችላለን ወይ? ስንት ቀን ይፈጃል፣ ስንት ብር? ሦስተኛ፣ የሌላ አምራች ዕቃ አምጥተን ገጥመን እናሳይህ፤ ይገጥማል ወይ? ከፊርማ በፊት ይታይ! አራተኛ፣ ልኩ ሲለወጥ የሚወስነው ማነው፣ አንተ ብቻ ነህ ወይስ የጋራ ጉባኤ አለ?

«ይህ ዋጋ ይጨምራል፣ ሥራ ያዘገያል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ከአንድ ሻጭ መግዛት ለመጀመሪያው ዓመት ይቀላል። ችግር ሲመጣም የሚጠራው አንድ ሰው ነው፤ ሁለት አቅራቢ ሲኖር አንዱ በሌላው ያመካኛል። ይሄ እውነት ነው። ነገር ግን መሥሪያ ቤት የሚገዛው ለአንድ ዓመት አይደለም። የይዞታ መዝገብ የልጅ ልጅ ድረስ የሚዘልቅ ነገር ነው። ሻጩ ግን እስከዚያ አይዘልቅም። የመጀመሪያው ዓመት ቅናሽ በአሥረኛው ዓመት ወለድ ወልዶ ይመጣል። ያን ጊዜ የፈረመው ሹም ወይ ተሽሯል፣ ወይ ውጭ አገር አምባሳደር ሆኗል። ከፋዩ እኔና አንተ ነን፣ አንቺም ነሽ።

ሽማግሌውስ?

የሽማግሌውን ነገር ሳልነግራችሁ አልዘጋም። ፍላሿን ተቀብዬ ቢሾፍቱ ሄድኩ። ጠያይቄ ጠያይቄ የድሮ ኮምፒውተሯን ያልጣለች አንዲት ጸሐፊ አገኘሁ። ማሽኑ እስኪነሳ አንድ ስኒ ቡና ጠጥተን ጨረስን። ፋይሉን ስትከፍተው ያ ሁሉ ቅንፍና የዶላር ምልክት «ጉዳዩ፦ የካሳ ክፍያን ይመለከታል» ሆኖ ወጣ። ቀኑ አለ፣ የመሬቱ ስፋት አለ፣ የምስክሮቹ ስም አለ። ሁሉም እዚያው ነበር። አተመችልኝ። እኔም ቁጭ ብዬ በዛሬው ፊደል እንደገና ጽፌ ፍላሿ ላይ አስቀመጥኩላቸው።

ሽማግሌው ወረቀቱን ሲቀበሉ ደስ አላቸው፤ ከዚያ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ የኔን ነገር የምታነብ አንዲት ሴት ብቻ ናት? እሷ ብትሞትስ?»

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ለኔም አይደለም። በአገር ስም እየፈረሙ መዝገባችንን፣ ስልካችንን፣ ስማችንን ለሻጭ ለሚያስረክቡ ሁሉ ነው። ልኩን የማታውቁትን ዕቃ አትግዙ። ካልገባችሁ ዱከም ብቅ በሉ፤ ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ጎሚስታ ያስረዳችኋል። ሂሳብም አይጠይቃችሁም!

ልብ ያለው ልብ ይበል።